ሚያዝያ 27፣ ከምሽቱ 3፡45

አራት ኪሎ መሃል የቆመው ሐውልት የሚያዝያ 27 ሐውልት ነው። የታክሲ ረዳቶች አካባቢውን "አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" እያሉ ስለሚጠሩት፣ አብዛኞቻችን የአደባባዩን ትክክለኛ ስም የምናስታውሰው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ቀን ጠዋት አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው ይመጣሉ፣ አበባ ይቀመጣል፣ ይሸለላል፣ ይፎከራል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ።

በ2001 ዓ.ም. ግን ሚያዝያ 27 ሁለት ጊዜ ተፎክሮበታል። ጠዋት እንደ ወጉ ሐውልቱ ሥር። ማታ ደግሞ ከሐውልቱ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ሳህን በተተከለበት ቤት ሁሉ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3፡45 ላይ ለንደን ኤምሬትስ ስታዲየም ውስጥ አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ የመልስ ጨዋታቸውን ሊያደርጉ ነው።

"እና ይሄም ታሪክ ሆነና?" የምትሉን አትጠፉም። እኛ አዎ እንላለን። የዚህ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ ከቤተ መንግሥት በር ይጀምራል። ከቤተ መንግሥቱ ማዶ ባለው ሻይ ቤት ውስጥ ሰው በምን እንደተጣላና በምን እንደታረቀ የሚጽፍልን የለም። ስለዚህ እኛ እንሞክረው።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ቀን በፊት ነው። ሚያዝያ 21 ረቡዕ ማታ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎሏን ያገባው ጆን ኦሼይ ነው፣ በ17ኛው ደቂቃ። ሮናልዶ፣ ሩኒና ቴቬዝ በተሰለፉበት ቡድን ተከላካዩ ኦሼይ ማግባቱ ለአርሴናሎች ስድብ ነበር። ለማንቼዎች ደግሞ "ኦሼይ እንኳ ካገባባችሁ..." የምትል የስድስት ቀን ስንቅ ሆነች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሳምንት የሒሳብ ሳምንት ነበር ብንል አልተጋነነም። ያኔ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል ብልጫ ያሰጥ ነበር (ዩኤፋ ሕጉን የሻረው በ2013 ዓ.ም. ነው)። አርሴናል 1 ለ 0 ካሸነፈ ጭማሪ ሰዓት ነው። 2 ለ 0 ካሸነፈ ያልፋል። 2 ለ 1 ካሸነፈ ግን አሸንፎ ይወድቃል። ይህቺ የመጨረሻዋ ናት ሰውን ያበደችው። ምክንያቱም በዚያው የውድድር ዘመን፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ በዚያው ሜዳ ናስሪ ሁለት አግብቶ አርሴናል ዩናይትድን አሸንፎ ነበር። በስንት? 2 ለ 1! አርሴናሎች ያንን ድል እንደ ማስረጃ ሲያቀርቡ ማንቼዎች "አዎ፣ እሱን ድገሙልን፣ ይበቃናል" ይሏቸዋል።

ይህ ሁሉ የሚካሄደው ጋዜጣ አንባቢዎች ዘንድ ነው። አራት ኪሎ የጋዜጣ አገር ነበር፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያው በመሆኑ ወረቀቱ ሳይቀዘቅዝ የሚገኘው እዚያ ነው። መግዛት ያልቻለ በሳንቲም ይከራያል፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ አጥፎ ይመልሳል። ፖለቲካውን አንብቦ ዝም ያለ ሰው የስፖርቱን ገጽ ሲገልጥ አንደበቱ ይፈታል። ከ1997 ምርጫ በኋላ በነበሩት ዓመታት ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለአራዳ ልጅ አይነገርም።

አንድ የሰፈራችን ጋሼ ነበሩ፣ የድሮ ጊዮርጊስ ደጋፊ፣ በእንግሊዝ ኳስ የሚያፌዙ። አንድ ማንቼ ጎረምሳ ቫን ደር ሳር በሊጉ 1,311 ደቂቃ ጎል ሳይገባበት መቆየቱን እየተነተነ ሳለ አቋረጡት።

"አንተ፣ ይኼ ሰውዬ አጎትህ ነው?"

"አይ ጋሼ፣ በረኛችን ነው።"

"በረኛችን? መቼ ተዋወቃችሁ?"

"እርስዎስ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ፈረሱ ላይ አብረው ነበሩ እንዴ ጋሼ?"

ሳቁ አልቆመም፤ ጋሼም ሳቁ። እኛ ግን ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። እውነት፣ መቼ ተዋወቅን?

በሁለቱ ጨዋታዎች መሃል ሚያዝያ 23 አለች፣ የጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል። መልሱንም ከዚያ ደብር አጠገብ መፈለግ ይሻላል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳ ልጆችን ይዘው ቡድን ሲመሠርቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ሰየሙት። ጦርነቱ በሰሜን ተጀምሯል። ልጆቹ ኳስ ባሰቡ በአምስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ልብ በሉ፣ ያው ሚያዝያ 27 ነው። ንጉሡ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ልክ በአምስተኛ ዓመቱ በዚያው ቀን ነው፤ 1933 ዓ.ም.። ሐውልቱ የሚነግረን የሁለተኛውን ቀን ብቻ ነው።

በእነዚያ አምስት ዓመታት ኳስ አልቆመም፣ ተለያየ እንጂ። ነጭ ከነጭ ጋር፣ "አገሬው" ከአገሬው ጋር። ሀበሻ ጣሊያንን ሜዳ ላይ አሸንፎ ቢገኝ ምን ሊመስል እንደሚችል ገብቷቸው ይመስለናል።

ጣሊያን ሲሄድ ቃላቱን ትቶ ሄደ። ፒያሳ የምንለው ሰፈራችን ስሙ የእነሱ ነው። ትልልቆቹ ፔናልቲን "ሪጎሬ" ሲሉ ሰምተን ስቀናል። ከሁሉ የሚገርመው ግን "ቲፎዞ" ነው። ሥሩ "ቲፎ" የሚባል ቃል ነው፤ ትርጉሙ ታይፎስ፣ በሽታው ራሱ! ጣሊያኖቹ ደጋፊን ትኩሳት እንደያዘው ሰው አዩት፣ እኛም ስሙን ከነትኩሳቱ ወሰድን። ዛሬ የሰርግ ቲፎዞ አለ፣ የፖለቲካ ቲፎዞ አለ፣ በጥቅም የሚያጨበጭብ ቲፎዞ አለ። ሚያዝያ 27 ጠዋት ጣሊያንን ባባረረ አርበኛ ፉከራ የተጀመረ ቀን፣ ማታ በጣሊያንኛ ስም በሚጠራ ሕዝብ ፉከራ ማለቁ እኛን ፈገግ ያሰኘናል።

ደግሞ "እንግሊዝ ኳሳችንን ወሰደችው" እያላችሁ በቅርብ የመጣ ጉድ አታድርጉት። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ነበሩ፦ የእኛው ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ እና የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን ማን ወሰደ? እንግሊዞቹ! ከአዲስ አበባ ዋንጫ ይዞ ለመሄድ እንግሊዝ ሳተላይት አላስፈለጋትም።

ከዚያ የእኛ ዘመን መጣ፣ አጭር ቢሆንም። ከጊዮርጊስ ማልያ የተነሳው ይድነቃቸው ተሰማ በአሠልጣኝነት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ አነሱ። ይድነቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1987 ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስን መርቷል። ጋሼ ይህንን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እኛ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልንና፣ እየሰማን እናዛጋለን። ያላየነውን ዋንጫ እንዴት እንፎክርበት? ካኑንና ኦንሪን ግን አይተናል።

ወደ ፉከራው እንመለስ። ሰው "ጭቅጭቅ" ይለዋል፣ እኛ ግን ፉከራ ነው ያልነው በምክንያት ነው። ፎካሪ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ የሞተውን እያነሳ በሕይወት ያለውን ያስፈራራል። አርሴናሎቹ ያን ሳምንት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቪዬራ ክለቡን ከለቀቀ አራት ዓመቱ፣ ኦንሪ ሁለት ዓመቱ፤ የሚጠሩት ግን እነሱን ነው። በ49 ጨዋታ አለመሸነፋቸውን ያነሳሉ። ማንቼው ቀበል አድርጎ "ሃምሳኛውን ማን ከለከላችሁ?" ይላል። (ዩናይትድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2004፣ 2 ለ 0።) እሱም በተራው እስከ ካንቶና ይወርዳል። አርሴናል ከ2005ቱ ኤፍኤ ካፕ ወዲህ ዋንጫ አላነሳም፤ ያቺን የመጨረሻዋንም ያነሳው ዩናይትድን በፔናልቲ አሸንፎ ነው። ስለዚህ አርሴናሉ እሷን እንደ ጎራዴ ይመዛታል። ሁለቱም የሚፋለሙት በሌሉ ሰዎች ነበር።

አሁን ወደ ማታው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብን። እኛ ያንን ጨዋታ አላየነውም። የሰፈሩ ሴት ልጆች ነን፤ በዕድሜ ትልቋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ገንዘብ የሚቀበል ልጅ። ወንድሞቻችን ገቡ። እኛ ልንጠጋ ስንል "ሴት ልጅ እዚህ ምን ታደርጋለች?" ተባልን። ሳምንቱን ሙሉ ስሌቱን ከማንም በላይ ያጠናነው እኛ ነን። እናም ከቤቱ ፊት ለፊት ያለ ደረጃ ላይ ተደርድረን ጨዋታውን በጆሯችን ተከታተልን።

ጨዋታን በጩኸት መከታተል ጥበብ አለው። ዲኤስቲቪ ያለው ቤትና የአረብ ቻናል የሚያሳየው ቤት እኩል አይጮኹም። አንዱ ሲጮህ ሌላው ገና ኳሷን እያመጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጩኸት ከሰማን ሁለተኛው ቤት ውስጥ ያሉት የማያውቁትን እናውቃለን። ይህ ደስ ይለን ነበር፣ ውጪ ለቀረ ሰው ትንሽ ካሣ ናት።

በ8ኛው ደቂቃ የተጮኸው ከማንቼዎቹ በኩል ነው። በኋላ እንደሰማነው የ19 ዓመቱ ኪራን ጊብስ ተንሸራቶ ፓርክ አገባ። ሦስት ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና፣ ያው ወገን፤ ሮናልዶ ከሩቅ በቅጣት ምት። ደረጃው ላይ ሆነን በጣታችን ቆጠርን፦ አሁን አርሴናል አራት ጎል ያስፈልገዋል። ከመካከላችን አንዷ የአርሴናል ነበረች፣ አለቀሰች። ሦስተኛው ጩኸት ከዕረፍት በኋላ፣ በ61ኛው ደቂቃ። ከሜዳቸው ጫፍ ተነስተው በሰከንዶች ውስጥ ሮናልዶ ጨረሰው። ከዚያ የሰማነው ጩኸት ሳይሆን እግር ነው። አርሴናሎቹ ወጡ። ማንም ማንንም አላነጋገረም። ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲሄዱ፣ እሪ በከንቱ የሚባለው ሰፈር እዚያ አካባቢ መሆኑ ትዝ ያለው ሰው ካለ ዕድለ ቢስ ነው።

በ76ኛው ደቂቃ ቫን ፐርሲ በፔናልቲ አንድ አግብቷል። እኛ አልሰማንም። የሚጮህ ሰው አልቀረም ነበር። 3 ለ 1 ማለቁን ያወቅነው ጠዋት ነው።

በማግስቱ ሰፈሩ እንደ ለቅሶ ቤትና እንደ ሰርግ ቤት ለሁለት ተከፈለ። በዚያው ሰሞን ናይሮቢ ውስጥ አንድ የአርሴናል ደጋፊ ከጨዋታው በኋላ ራሱን ማጥፋቱ ሲሰማ፣ ትልልቆቹ ቀልዱን ገታ ሲያደርጉ አይተናል። ግንቦት 19 ማታ፣ በግንቦት 20 ዋዜማ፣ ዩናይትድ ሮም ላይ በባርሴሎና 2 ለ 0 ሲሸነፍ ግን የአራት ኪሎ አርሴናሎች በሙሉ ካታላን ሆነው አደሩ።

ያ ቤት ዛሬ የለም። የጭቃ ቤቶቹ ከነደረጃቸው ፈርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና ሌሎቹ የፒያሳ መንደሮች ሲነሱ ደግሞ የቀሩት ቲፎዞዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተኑ፣ ከፊሎቹ ገላን ጉራ ድረስ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ አንክድም። ለእግር መንገድም ተመችቶናል። ግን ማንቼውና አርሴናሉ ጎረቤት ስለነበሩ ነው የሚፎካከሩት፤ በማግስቱ አንድ ቧንቧ ላይ ሊገናኙ። ጋሼ የሚሳለቁበት ኳስ ቀርቶ የሚመኩበትም ርቋል። ካፍ ስታዲየሞቻችንን ካገደ ከ2014 ወዲህ ዋልያዎቹ "የሜዳቸውን" ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ አይተናል። ታዲያ በየትኛው ሜዳ እንፎክር?

ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ማታ አርሴናል ከፓሪ ሳን ዠርማ ጋር ግማሽ ፍፃሜ ደረሰው። ቀኗን አያችኋት? የኦሼይ ቀን ናት። ውጤቱም ያው፣ 0 ለ 1፤ ዴምቤሌ በ4ኛው ደቂቃ። አሁን ጨዋታ የሚጀምረው ከምሽቱ 4፡00 ስለሆነ፣ ካለቀ በኋላ ወደ ዳርቻ የሚሄድ ታክሲ የለም። እኛ፣ ያኔ ደረጃ ላይ የተቀመጥነው፣ የትም ገብተን ማየት እንችላለን። ማንም "ሴት ልጅ ምን ታደርጋለች" አይለንም። በየቤታችን ሆነን በስልክ አየነው፤ ፉከራውን በቴሌግራም ቡድናችን አደረግነው። የገላኗ ልጅ መልእክት ከእኛ ምስል ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ጎሉን እንደ ድሮው በጩኸት ነው ያወቅነው።

ሚያዝያ 29 የመልሱ ጨዋታ ነበር። ፓሪስ ላይ ሁለት ገባብን። በ76ኛው ደቂቃ ሳካ አንድ መለሰ። ቴሌግራማችንን ከፍተን ጠበቅን። ያቺ ያኔ ያለቀሰችው ልጅ "ተኝታችኋል?" ብላ ጻፈች። የመለሰላት አንድ ማንቼ ብቻ ነበር።