ያው ፈረስ፣ ሌላ ፈረሰኛ

የካውቦይ ፊልም ወዳጆችን ማናደድ የፈለገ ሰው፣ በልጅነታቸው ያዩት ፊልም እንደገና ሊሠራ መሆኑን ቢነግራቸው ይበቃዋል። ሆሊውድ ሐሳብ ነጥፎበታል፣ የአባቶቹን ሥራ እያሞቀ ያቀርባል የሚለው ወቀሳ ወዲያው ይከተላል። ወቀሳው የሚገባቸው ፊልሞች አሉ። ይሁንና የካውቦይ ፊልም ገና ከተወለደ ጀምሮ ሲደጋገም የኖረ ነው።

በ1903 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤድዊን ፖርተር ለኤዲሰን ኩባንያ «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» የተባለውን፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን ፊልም ሠራ። የዱር ምዕራብን አሳየ የተባለው ይህ ፊልም የተቀረጸው በአመዛኙ በምሥራቅ፣ በኒው ጀርሲ ነበር። በ1904 የፊላደልፊያው ነጋዴ ዚግመንድ ሉቢን ያንኑ ታሪክ፣ በዚያው ርእስ፣ ትዕይንት በትዕይንት ቀድቶ ለገበያ አወጣው። ሴሲል ደሚል ደግሞ ከማንም አልሰረቀም። በ1914 ከባልደረባው ጋር የሠራውን «ዘ ስኳው ማን»ን በ1918 እና በ1931 ራሱ መልሶ ሠራው።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚስበኝ የሦስቱ ሽፍቶች ነገር ነው። ደራሲው ፒተር ካይን እንደጻፈው፣ ባንክ ዘርፈው በረሃ የገቡ ሦስት ወንበዴዎች በወሊድ የምትሞት ሴት ያገኛሉ። ሕፃኑን አደራ ተቀብለው፣ ውሃ በሌለበት ምድር ተሸክመውት ይሄዳሉ። ጆን ፎርድ በ1919 ሃሪ ኬሪን ይዞ ሠራው፤ ያ ፊልም ዛሬ ጠፍቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ ዊልያም ዋይለር ድምፅ ባለው ፊልም ደገመው፤ በ1936ም ሌላ ተጨመረ። ሃሪ ኬሪ በ1947 ሲሞት ፎርድ በዓመቱ ወደዚያው ታሪክ ተመልሶ፣ ጆን ዌይንን በግንባር አሰልፎ፣ በቀለም ሠራውና ለሟቹ ወዳጁ መታሰቢያ አደረገው። ከሦስቱ ሽፍቶች አንዱን ሆኖ የተጫወተው የኬሪ ልጅ ነው። የሚታወቀው የፎርዱ ቢሆንም ለእኔ የዋይለሩ ይበልጣል። የዋይለር በረሃ ምሕረት አያውቅም፤ ፎርድ ግን ዌይንን ለመግደል አልጨከነም።

ታሪክ ባሕር ሲሻገር ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። አኪራ ኩሮሳዋ የፎርድ አድናቂ ነበር። የእሱ «ሰባቱ ሳሙራይ» በ1954 ወጣ፤ በ1960 ጆን ስተርጅስ ሳሙራዮቹን ሽጉጥ አስታጥቆ ሜክሲኮ ወሰዳቸው። በ1964 ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ የኩሮሳዋን «ዮጂምቦ» ስፔን ውስጥ፣ ያኔ ብዙም የማይታወቀውን ክሊንት ኢስትውድን ይዞ ሠራ። ፈቃድ አልጠየቀም። ክሱ በስምምነት ሲያልቅ ጃፓኖቹ ከዓለም ገቢው 15 በመቶ እና በእስያ አንዳንድ አገሮች ፊልሙን የማከፋፈል መብት አገኙ። በ2013 ደግሞ ጃፓኖች በተራቸው የኢስትውድን «አንፎርጊቭን» ወስደው ሠሩት። ቦታው ሆካይዶ ሆነ፤ ሽማግሌው ሽጉጠኛ የቀድሞው ሥርዓት ሳሙራይ፣ የተገፉት ነባር ሕዝቦች ደግሞ አይኑዎች ሆኑ። ዕዳው የተከፈለ ይመስለኛል።

ታዲያ አንዱ ሲሳካ ሌላው ለምን ይከሽፋል? «ሃይ ኑን»ን እንመልከት። ጸሐፊው ካርል ፎርማን ፊልሙ በሚሠራበት በ1951 ኮሙኒስቶችን በሚያሳድደው የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ተጠርቶ ነበር፤ ስም ለመጥራት እምቢ አለና እንግሊዝ ተሰደደ። አንድ የከተማ ሕግ አስከባሪ የሚያውቃቸውን ሰዎች ደጅ እየዞረ ሲያንኳኳ፣ ሁሉም ሰበብ እየሰጡ ሲሸሹት የምናየው ያኔ ሆሊውድ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት ነው። በ2000 ለቴሌቪዥን ዳግም ሲሠራ ድርሰቱ በአመዛኙ እንዳለ ነበር። ፍርሃቱ ግን አልነበረም፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ባቡሩም ይመጣል፣ ልብ ግን አይሰቀልም። የ1966ቱ «ስቴጅኮች»ም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም፤ የ1939ኙን የፎርድ ሥራ ደግሞ የሚሠራበትን ምክንያት ሳያገኝ የቀረ ነው።

«ትሩ ግሪት» የተለየ ነው። በቻርልስ ፖርቲስ የ1968 ልቦለድ ተራኪዋ ማቲ ሮስ ናት። በ14 ዓመቷ፣ የአባቷን ገዳይ ለማስያዝ አንድ ዓይና ሰካራም የሕግ አስከባሪ ቀጥራ ተጉዛለች፤ ያንን ጉዞ አርጅታ ታወጋናለች። ሄንሪ ሃታዌይ በ1969 ሲሠራው ፊልሙ የጆን ዌይን ሆነ፤ ዌይን በሕይወቱ ያገኘው ብቸኛ የተዋናይነት ኦስካርም በዚሁ ነው። ማቲን የተጫወተችው ግን ሃያ ዓመት ያለፋት ወጣት ነበረች፤ የኦክላሆማው ምድርም በኮሎራዶ ተራሮች ተተካ። በመጽሐፉ ማቲ በእባብ ተነድፋ ክንዷን ታጣለች፤ ፊልሙ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥሎ በደህና ይሸኛታል። ኮኤን ወንድማማቾች በ2010 ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። ሄይሊ ስታይንፌልድ ያኔ ገና 13 ዓመቷ ነበር። መጨረሻው ላይ ከ25 ዓመት በኋላ ባለ አንድ ክንድ፣ ደረቅ፣ ያላገባች ሴት እናያለን። ለአሥር ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም፤ እኔ ግን ከዌይኑ አስበልጠዋለሁ።

እንግዲህ ዳግም ይሠራ የምለው ፊልም የመጀመሪያው አንድ ነገር ሳይናገር ያለፈውን ነው። በ2016 አንትዋን ፉክዋ ስተርጅስ ሽጉጥ ያስታጠቃቸውን ሰባቱን ጀግኖች ደግሞ ሲሠራ መሪያቸውን ጥቁር፣ ከሌሎቹ አንዳንዶቹን እስያዊ፣ ሜክሲኳዊና ኮማንቺ አደረጋቸው። ከእውነተኛዎቹ ላም ነጂዎች ጥቂት የማይባሉት ጥቁሮችና ሜክሲኳውያን ስለነበሩ ለውጡ ከታሪክ ጋር አይጣላም። ነገር ግን መልኩን ለወጠ እንጂ ጥያቄ አልጨመረም። ሜክሲኳዊው የዘር ውግዘት እምብዛም አይገጥመውም፣ ኮማንቺውም ስለ ተወሰደበት መሬት አፍ አያወጣም።

አፍ ማውጣት የሚገባት ሴት «ፈላጊዎቹ» ውስጥ አለች። ፎርድ በ1956 የሠራው ይህ ፊልም ከታላላቆቹ የካውቦይ ፊልሞች አንዱ ነው፤ «አትንኩት» የሚሉት ብዙ ናቸው። ጆን ዌይን ኮማንቺዎች የወሰዷትን የወንድሙን ልጅ ለዓመታት ይፈልጋል፤ ሲያገኛት ከእነሱ ተቀላቅላለችና ሊገድላት ያስባል። የኮማንቺው አለቃ ሚና የተሰጠው ጀርመን ለተወለደው ሄንሪ ብራንደን ነበር፤ አጃቢ ኮማንቺዎች ሆነው የታዩት ደግሞ ናቫሆዎች ናቸው። ልጅቱ ራሷ ምን እንደምታስብ ግን ፊልሙ እምብዛም አይጠይቃትም።

እውነተኛዋ ሲንቲያ አን ፓርከር ትባላለች። በ1836 ቴክሳስ ውስጥ በዘጠኝ ዓመቷ ገደማ ተወሰደች፤ አጎቷ ጄምስ ፓርከር ለዓመታት ፈልጓት አጣት። ኮማንቺ ሆና አደገች፣ ፔታ ኖኮና የተባለውን የጦር አለቃ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች። በታኅሣሥ 1860 የቴክሳስ ታጣቂዎች ሰፈሩን ሲያጠቁ ከሕፃን ልጇ ጋር ያዟትና ለነጭ ዘመዶቿ «መለሷት»። እሷ ግን ወደ ባሏና ወደ ወንዶች ልጆቿ ለመሄድ ደጋግማ ልታመልጥ ሞከረች። አልተሳካላትም፤ ሕፃኗም ሞተችባት። ትልቁ ልጇ ኳና የኮማንቺዎች ታዋቂ መሪ ሆነ፤ በ1910 አፅሟን ወደ ኦክላሆማ አስመጥቶ በቀጣዩ ዓመት እሱም አጠገቧ ተቀበረ።

ፎርድ ፊልሙን የጨረሰው ልጅቱ ወደ ነጮች ቤት ስትገባ ነው። የሲንቲያ አን መከራ የጀመረው ግን ያን ዓይነት በር ከገባች በኋላ ነበር። በ2022 የወጣው «ፕሬይ» ከሌላ ዓለም ስለመጣ አዳኝ የሚተርክ ፊልም ሆኖ እንኳ ታሪኩን በ1719 ኮማንቺዎች መካከል አድርጎ፣ ሙሉውን በኮማንቺ ቋንቋ የተቀዳ ድምፅ ይዞ ቀርቧል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚናገር የለም፣ የሚያይም አይገኝም የሚለው ሰበብ አይሠራም። የቀረው ካሜራውን ከፈላጊው አንሥቶ ወደ ተፈላጊዋ የሚያዞር ዳይሬክተርና ወጪውን የሚችል ስቱዲዮ ነው።