ከክፍል በር እስከ መጸዳጃ ቤት፦ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች የትምህርት ቤትና የመዝናኛ ስፍራ መጸዳጃ ቤቶች ንድፍ

በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች፣ ማለትም በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ፣ ለትምህርት ቤትና ለመዝናኛ ስፍራ የሚሠሩ መጸዳጃ ቤቶች ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ እንዲመልሱ ይጠበቅባቸዋል፤ አንደኛው በሽታ የማያስተላልፉ መሆናቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውን፣ በምርኩዝ የሚራመደውን፣ ማየት የተሳነውንና ሕፃኑን ሳይለዩ ማስተናገዳቸው ነው። በተለምዶ የመጀመሪያው ለጤና ባለሙያ፣ ሁለተኛው ለማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ይተዋል። ይህ መጣጥፍ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ንድፍ ውስጥ የሚጋጩባቸው ቦታዎች እንዳሉ፣ ግጭቱም በአብዛኛው የሚፈታው በመጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ወደዚያ በሚወስደው መንገድና ቤቱ በሚቆምበት የመሬት ከፍታ እንደሆነ ይሞግታል።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት መሬት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በዓመት የሚጥልባት ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አፈሩ ቀይና ሸክላማ በመሆኑ ዝናቡ ከጠነከረበት ጊዜ ጀምሮ ያልተነጠፈ ግቢ ሁሉ ያዳልጣል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ጭቃውን በጫማው ተሸክሞ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲገባ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ግን ከመንገድ ይቀራል። በግምገማ ቅጽ ላይ «ለአካል ጉዳተኞች ምቹ» ተብሎ የተመዘገበ ክፍል ከመማሪያ ክፍሉ ጋር የሚያገናኘው ሣርና ጭቃ ብቻ ከሆነ፣ ምቹነቱ የበጋ ምቹነት ነው።

የሕግ ማዕቀፉ አልጎደለም። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚቸገሩ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃም በቂ ቁጥር ያላቸው ለአካል ጉዳተኞች የተመቹ መጸዳጃዎች እንዲዘጋጁ ደንግጓል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። ችግሩ የሕንፃ አዋጁ መለኪያ ሕንፃ ሆኖ ሳለ የወለጋ ትምህርት ቤት ግቢ መሆኑ ነው፤ የመማሪያ ብሎኮቹ፣ የአስተዳደር ቢሮው፣ የውኃ ቧንቧውና መጸዳጃ ቤቱ ተራርቀው የሚቆሙ በመሆናቸው፣ እያንዳንዱ ሕንፃ ለብቻው ሕጉን አሟልቶ ግቢው ግን በጠቅላላው ሕጉን ሊጥስ ይችላል።

ግጭቱ በግልጽ የሚታየው በአነስተኛ ወጪ ለሚሠሩ ትምህርት ቤቶች በብዛት በሚመከረው፣ አየር ማስወጫ ባለው የተሻሻለ የጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ላይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሰባዎቹ ዓመታት በዛሬዋ ዚምባብዌ በብሌር የምርምር ላቦራቶሪ የተቀረጸው ይህ ዓይነት ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ነፋስ በቱቦው አናት ላይ ሲያልፍ የጉድጓዱን ሽታ ወደ ላይ ይስባል፣ በጉድጓዱ ውስጥ ያለ ዝንብ ደግሞ ብርሃን ወደሚታይበት ቱቦ ወጥቶ አናቱ ላይ በታሰረው ወንፊት ይያዛል። ዝንቡ ወደ ቱቦው እንጂ ወደ ክፍሉ እንዳይወጣ ክፍሉ ደብዘዝ ማለት አለበት፤ ይህ ደግሞ የማየት አቅማቸው ለደከመ ሰዎችና ጉድጓዱን ለሚፈሩ ትንንሽ ልጆች እንቅፋት ነው። የዝንቡ ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገውን ትራኮማ ከሚያስተላልፉት መካከል በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር የሚራባ የዝንብ ዝርያ ይገኝበታልና፣ ንጽህናው ራሱ የአካል ጉዳት መከላከያ ነው። ስለዚህ መስኮት ከማስፋት ይልቅ የቀዳዳውን ዙሪያና የመደገፊያውን ብረት ከወለሉ በሚለይ ደማቅ ቀለም መቀባት ሁለቱንም ወገን ያስማማል።

የከፍታው ግጭት ከዚህ ይከብዳል። የጉድጓዱ መጨረሻ ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል፣ መጸዳጃ ቤቱም ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ በሚቀርብበት አካባቢ ግንበኛው ወለሉን ከፍ አድርጎ ይሠራና ደረጃ ያቆምለታል፤ መጸዳጃ ቤቱም ወደ አጥሩ ጥግ ይገፋል። ወለሉ በ60 ሴንቲ ሜትር ቢነሳና ለተሽከርካሪ ወንበር ተቀባይነት ያለው የ1 ለ12 ተዳፋት፣ ይኸውም ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት፣ ቢያዝ መወጣጫው 7.2 ሜትር ይሆናል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ስለማይገኝ መወጣጫው ያጥርና ቀጥ ይላል፤ እንዲህ ዓይነቱን መወጣጫ ያለ ረዳት የሚወጣው የለም፣ በዝናብ ጊዜም ይዞ ያንሸራትታል።

የወለጋ ከተሞች ተዳፋትነት እንደ ችግር ብቻ መታየቱ እዚህ ላይ ያስቆጫል። መጸዳጃ ቤቱ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጋር በአንድ የከፍታ መስመር ላይ፣ ጀርባውን ለቁልቁለቱ ሰጥቶ ቢሠራ፣ በሩ ከላይኛው መሬት ጋር እኩል ይሆንና ደረጃም ረጅም መወጣጫም ሳያስፈልግ ይገባበታል፤ የዓይነ ምድር ማጠራቀሚያው ደግሞ በቁልቁለቱ በኩል ወጥቶ ስለሚታይ ከታች ተከፍቶ ሊጠረግ ይችላል። በዚህ አሠራር ማጠራቀሚያው ጥልቅ መሆን ስለማያስፈልገው ከከርሰ ምድር ውኃ ይርቃል። ከበላዩ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈሩ፣ ከበታቹም የውኃ ምንጭ አለመኖሩ መረጋገጡ ግን ግድ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ በሩ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት ባዶ ቦታም 150 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያስፈልገዋል። መቀመጫን በተመለከተ የሚነሳው ተቃውሞ፣ ብዙ ሰው የሚጋራው መቀመጫ ንጹሕ አይሆንም የሚለው፣ እውነትነት አለው፤ መልሱ ግን መቀመጫውን መተው ሳይሆን በሲሚንቶ ገንብቶ በሊሾ ማለስለስና በአንድ ጣሳ ውኃ እንዲታጠብ ማድረግ ነው። መቀመጫው ለነፍሰ ጡር መምህርትና ለአረጋዊ ዘበኛም ያገለግላል። በወለጋ ደግሞ ሌላ ተጠቃሚ አለው። በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 2.8 በመቶ በሚሆነው ነዋሪ ላይ ተገኝቷል፤ እግሩ ያበጠ ሰው ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ይቸገራል።

ይኸው በሽታ በጫማና እግርን በሳሙና በመታጠብ የሚከላከሉት ስለሆነ፣ በዚህ አካባቢ የትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ዝቅ ያለ የእግር መታጠቢያ ገንዳ ቢታከል፣ ጭቃው ወደ መጸዳጃ ቤቱም ወደ ክፍሉም ሳይገባ ይቀራል። ውኃው ከቧንቧ ብቻ እንዲመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ከ2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ አምስተኛው ይባክናል ቢባል እንኳ፣ በዓመት 160,000 ሊትር ይሰበስባል። ጭንቁ የበጋው ማከማቻ ነው፤ 500 ተማሪዎች ለእጅ መታጠቢያ በቀን አንድ አንድ ሊትር ቢጠቀሙ ለ60 የትምህርት ቀናት 30,000 ሊትር፣ ይኸውም ባለ 10,000 ሊትር ሦስት ሮቶ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአነስተኛ አቅም ትምህርት ቤቶች ያወጣው መመዘኛ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መጸዳጃና አንድ የመሽኛ ስፍራ ይላል። የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ ክፍልም፣ በውስጡ ውኃ፣ ማንጠልጠያና ያገለገለ ሞዴስ ማስወገጃ ያለው ሊሆን ይገባል። በሴቶቹ በኩል ይህን ክፍል ለአካል ጉዳተኞች ከሚዘጋጀው ሰፊ ክፍል ጋር ማዋሐድ ወጪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሰፊው ክፍል ንጹሕ እንዲቆይ ተብሎ የሚቆለፍበትና ቁልፉ ቢሮ የሚቀመጥበት ልማድ ካልቀረ፣ ቁልፉን ለመጠየቅ የምታፍር ልጅ ሁለቱንም አገልግሎት በአንድ ጊዜ ታጣለች።

የመዝናኛ ስፍራዎች ጥያቄ ከዚህ ይለያል፤ የሚመዘኑት በአማካይ ተጠቃሚ ሳይሆን በአንድ ጊዜ በሚመጣው ሕዝብ ነው። በስታዲየም የ15 ደቂቃ እረፍት አንዲት ሴት ሦስት ደቂቃ ብትቆይ አንድ ክፍል ከአምስት ሴቶች በላይ አያስተናግድም፤ ስለዚህ ለወንድና ለሴት እኩል ክፍል መሥራት እኩል አገልግሎት መስጠት አይደለም። በነቀምቴ እንደሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ባሉ ቅርሶች ደግሞ ነባሩን ሕንፃ ሳይነኩ የሚነሳ የእንጨት መወጣጫ ማዘጋጀት፣ መጸዳጃ ቤቱንም ከቅርሱ ርቆ ከመግቢያው በማይርቅ ስፍራ መሥራት ይመረጣል። የትምህርት ቤት ግቢም በችግር ጊዜ መጠለያ እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም፤ በ2011 ዓ.ም. መባቻ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ በገቡ ጊዜ የሕዝብ ተቋማት ላይ የወደቀው ጫና ለቀን ተማሪ የተሰላ ጉድጓድ ሊሸከመው የሚችለው አልነበረም። የፍሳሽ መምጠጫ ቦቴ እስከ ማጠራቀሚያው የሚደርስበት መንገድ ከመጀመሪያው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ወጪው ብዙ ጊዜ እንደ ሰበብ ይነሳል። ይሁንና በኢትዮጵያ በተሠራ የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ላይ የተደረገ ስሌት፣ ከመነሻው ሲታቀድ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ማድረጉ የጨመረው ወጪ ከ3 በመቶ በታች መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ የክፍሉን እንጂ የመንገዱን ዋጋ እንደማይናገር መታወቅ አለበት፤ ከመማሪያ ክፍል እስከ መጸዳጃ ቤት የሚዘረጋው 1.2 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ንጣፍ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይፈልጋል። በከተሞቹ የተለመደው ኮብልስቶን ለመኪና ቢመችም ለተሽከርካሪ ወንበር ትንንሽ ጎማዎችና ለምርኩዝ ጫፍ አይመችም። የግንባታ ውሎች በጊዜያዊና በመጨረሻ ርክክብ መካከል አንድ ዓመት ገደማ የጉድለት ማረሚያ ጊዜ ስለሚሰጡ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ክረምት ያልፋል፤ የመንገዱ ፍተሻም በጥር ደረቅ መሬት ላይ ሳይሆን በሐምሌ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በሚጠቀም ሰው፣ ከክፍሉ በር ተጀምሮ መቀመጫው ድረስ እንዲደረግና የተያዘው የዋስትና ገንዘብ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ እንዲሆን በውሉ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል።