«ፍሪሲዮን» እና ስም ያልጸናለት ጎማ፤ ከቡናው አገር የተሽከርካሪ ቃላት ታሪክ

ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ሸለቆ በመሻገር በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ፥ ከዚያም ወደ ቴፒ የሚወርደው መንገድ ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለቃላትም መፈተኛ ሆኖ ኖሯል። ዳገቱና ቁልቁለቱ፥ የዓመቱን ብዙውን ክፍል የሚይዘው ዝናብና በላዩ የቡናው ጭነት ነጂውን ዘወትር በፍሪሲዮንና በዝቅተኛ ማርሽ እንዲሠራ ያስገድዱታል። ስለዚህ በዚህ አገር ያረጀ ላንድሮቨር ወይም የጭነት መኪና ሲታመም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮን ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን የሚጠራቸው ነገሮች ግን ብዙ ናቸው።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. ነው። የጅቡቲው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳይኛ ቃላት ቀድመው መንገድ አግኝተው ነበር፤ «ሾፌር» እና «ጋራዥ» የዚህ ንብርብር ናቸው። ሁለተኛው ንብርብር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ጊዜ የተነጠፈ ነው። ወራሪው በካሚዮን ተጓዘ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደውንም የመኪና መንገድ ሠራ። ከሽንፈቱ በኋላ ብዙ የኢጣልያ ባለሙያዎች በአገሩ ስለ ቀሩ ቋንቋቸው በየጋራዡ ሰነበተ። ጎማ፥ ጎሚስታ፥ ካንዴላ፥ ባሌስትራ፥ ፍሬቻ፥ ኩሽኔታ፥ ካቻቢቴ፥ ሁሉም ከዚያ ናቸው። እንግሊዝኛ የመጣው ዘግይቶ፥ ከመመሪያ መጻሕፍቱ ጋር ነው።

«ፍሪሲዮን» ከየትኛው ንብርብር ነው? ከፈረንሳይኛ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ «ክ» የሚለውን ድምፅ ይዞ «ፍሪክሲዮን» በተባለ ነበር። የጣልያንኛው «ፍሪትሲዮኔ» ግን «ት» ን ጥሎና መጨረሻውን ቆርጦ በቀላሉ የእኛን ቃል ይሰጠናል። «ማርሽ» በአንጻሩ አጠራጣሪ ነው። ጣልያንኛው «ማርቻ» ይላል፤ አማርኛም «ች» ን አይፈራም፥ በ«ፍሬቻ» ሳይለውጥ ተቀብሎታልና። ስለዚህ «ማርሽ» ን ከጣልያንኛ ብሎ በጅምላ የሚመዘግብ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የፈረንሳይኛውን «ማርሽ» ቢመለከት ይበጀዋል። የሰልፍ ሙዚቃውም «ማርሽ» ከዚያው ወገን ይመስላል።

በዲስኩ ላይ የሚለበደውን ነገር መካኒኮቻችን «ሸራ» ይሉታል። ዛሬ ሸራነት የለውም፤ ቀድሞ ግን የፍሬንና የፍሪሲዮን ልባድ ከድርና ማግ ይሠራ ስለ ነበር፥ ቃሉ ያንን ሥራ ያስታወሰ ይመስላል። ከባዕድ ቃል ጎን እንዲህ ያለ የአገር ቃል ማግኘት ደስ ያሰኛል።

ለተርጓሚው ትልቁ ወጥመድ ግን ግሡ ነው። ነጂው «ፍሪሲዮን ለቀቅሁ» ሲል እግሩን ከፔዳሉ አነሣሁ ማለቱ ነው፤ በዚያችው ቅጽበት ዲስኩ ሞተሩን ይይዛል። መካኒኩ «ፍሪሲዮኑ አልለቅ አለ» ሲል ደግሞ ፔዳሉ እየተረገጠ ዲስኩ አልላቀቅ አለ ማለቱ ነው። አንዱ ግስ ሁለት ተቃራኒ ነገር ተናገረ። የእጅ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው «ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ሕመሙን ገልብጦ ሊረዳ ይችላል። በእኔ አስተያየት ለእግሩ ሥራ «ፔዳሉን መርገጥ» እና «ፔዳሉን መልቀቅ»፥ ለዲስኩ ደግሞ «መያዝ» እና «መላቀቅ» ቢወሰኑ ችግሩ ይወገዳል።

እንዲህ ሲለይ የሕመሙም ስም ይጠራል። ፍሪሲዮኑ «አልይዝ» ሲል መኪናው በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ድምፅ ይንራል፥ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም፤ የተቃጠለ ሸራም ይሸታል። «አልላቀቅ» ሲል ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ እንኳ ማርሹ፥ ይልቁንም የኋላው፥ እየጮኸ ይገባል።

ሦስተኛው ሕመም አሳሳች ነው። መኪናው ሲነሣ ይንዘፈዘፋል። ሸራው ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሞተሩ በሻንሲው ላይ የሚያርፍበት ጎማ አርጅቶ ወይም ተቀድዶም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም «ይንቀጠቀጣል» ተብለው ከተተረጎሙ ካምቢዮው በከንቱ ይወርዳል፤ ይህም በመከር ወራት ለባለ ቡናው ቀላል ኪሳራ አይደለም። መለያው ግን አያስቸግርም። የእጅ ፍሬን ይያዛል፥ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ነጂው የእግር ፍሬኑንም ረግጦ በአንደኛ ማርሽ፥ ቀጥሎም በኋላ ማርሽ፥ ፔዳሉን በጥቂቱ ይለቃል፤ ሌላ ሰው ከጎን ቆሞ ይመለከታል። ሞተሩ ከቦታው በጉልህ ቢነሣ ወይም ቢጋደል ጥፋቱ የጎማው ነው።

ይህ ጎማ እንደ ፍሪሲዮን የጸና ስም የለውም፤ አንዱ «ሱፖርት» ሌላው «የሞተር ጎማ» ይለዋል። «መሪ» እና «አሽከርካሪ» ከአገር ግስ ወጥተው ሲጸኑ ይህኛው የቀረው ከዓይን ስለ ተሰወረ ይሆናል። ቃል የማውጣቱ ሥራ በ1964 ዓ.ም. ለተቋቋመው አካዳሚ የተሰጠ ቢሆንም፥ የቃሉ ተጠቃሚዎች በቡናው አገር ቤንችኛ፥ ሸኮኛና ካፍኛ አፍ የፈቱ ጭምር ናቸው። (ቤንችኛ አምስት የቃና ደረጃዎች አሉት፤ ለ«ፍሪሲዮን» የትኛውን እንደሚሰጠው መመርመር ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን።) ስለዚህ የሚወጣው ስም አጭርና ሥራውን የሚናገር ቢሆን ይመረጣል። «የሞተር ማረፊያ» ቢባል «ተሽከርካሪ ጎማ» ከሚያሰኘው አሻሚነት ያድናል፤ «ማረፊያው ለቀቀ» ለማለትም ለመካኒኩ አፍ አይከብድም።