የጎንደር ቤተ መጻሕፍት ለምን መጽሐፍ የለውም?

ከእብናት ተነስቶ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር የሚገባ ሰው አንድ ሙዚየም ፈልጎ አያገኝም። የጎንደር ሙዚየም በየሕንፃው የተበተነ ነው። በፋሲል ግቢ ውስጥ የአጼ ፋሲል ግንብ፣ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት፣ የምንትዋብ ግንብ አሉ። ከግቢው ውጭ ደግሞ ቁስቋምና ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበው ይህንን ሁሉ ነው።

ግን ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ የለውም። የጥንቱን ሥዕል በቦታው ሞልቶ የምናየው በደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ስለተረፈ።

የቀረው የት ሄደ? መልሳችን ዝግጁ ነው፦ «እንግሊዝ ወሰደው።» እውነት ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀ በኋላ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ፤ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍትም የብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ፈረንሳዮችም አሉበት። በ1932 እ.ኤ.አ. የማርሴል ግሪዮል ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ ላይ አንስቶ በምትካቸው ቅጂ ሰቀለ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንዘላለን። የጎንደር መጻሕፍት መቅደላ ምን ይሠሩ ነበር? በ1859 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ዘምተው ጎንደርን ዘረፉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። መጻሕፍቱና ንዋየ ቅድሳቱ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ተጫኑ። እንግሊዝ የዘረፈው አስቀድሞ የተዘረፈውን ጭምር ነበር።

ይህን መናገር ቴዎድሮስን ማዋረድ አይደለም። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩትም እኚሁ ንጉሥ ናቸው፤ እኛ የደቡብ ጎንደር ልጆች በዚህ ስንኮራ አድገናል። የእንግሊዝንም ዕዳ አይፋቅም፤ ንብረቱ የኢትዮጵያ ነው፣ መመለስም አለበት። ሆኖም ግማሹን ታሪክ ብቻ ይዘን ስንከራከር፣ ሌላውን ግማሽ የሚያስታውሰን ተከራካሪያችን ይሆናል።

ስለዚህ በየሕንፃው በር ላይ አንድ ሰሌዳ ይቁም፦ እዚህ ምን ነበር፣ ማን ወሰደው፣ ዛሬ የት አለ። የቴዎድሮስም ስም ይጻፍ፤ የግሪዮልም። ጎብኚው ባዶውን ግድግዳ ያኔ ማንበብ ይችላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?