የዘኬዎስ ሾላና የጎጃሙ ተርጓሚ

ዘኬዎስ ኢየሱስን ለማየት የወጣበትን ዛፍ ስታስቡ ምን ይታያችኋል? የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዛፉን “ሾላ” ይለዋል። ሾላ ደግሞ በእኛም ቆላ አለ፤ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ የጎጃም ሰው ሰፊውን ጥላውንና ለመውጣት የሚመቸውን ቅርንጫፉን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በእንግሊዝ ምድር በዚያው ስም የሚጠራው ዛፍ ፈጽሞ ሌላ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አንድ ቋንቋ ሲገባ የሩቅ አገር ዛፎችንም ይዞ ይገባል። ታዲያ ማን ስም ያወጣላቸዋል?

የመጀመሪያውን ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመው አቡ ሩሚ የጎጃም ተወላጅ ነበር። ኢየሩሳሌምንና ህንድን ካየ በኋላ በካይሮ ታሞና ተቸግሮ ሳለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስላን ደ ሸርቪል ረዳው። ሁለቱ ዐሥር ዓመት ያህል፣ በሳምንት ሁለት ቀን በር ዘግተው ሠሩ። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ሥራው ሳይታተም በወረርሽኝ ሞተ። የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1820 ገዛው፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ።

እንግዲህ አስቡት፤ በካይሮ ተቀምጦ ስለ ሊባኖስ ዛፍ ለጎጃም ገበሬ የሚጽፍ ሰው ምን ያድርግ? ከእርሱ በፊት የግዕዝ ተርጓሚዎች፣ ከእርሱም በኋላ የመጡት ሁሉ ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል። መልሳቸውን ዛሬ በእጃችሁ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

አንዳንዱ ተክል የውጭ ስሙን እንደ ያዘ ቀርቷል። በመዝሙር 51 ያለው “ሂሶጵ” እንዲህ ነው፤ ስሙን እንሰማለን እንጂ ቅጠሉ አይታየንም። አንዳንዱ የአገራችንን ዛፍ ስም ተውሷል። የሊባኖሱ ዛፍ “ዝግባ” ተብሏል። የእኛ ዝግባ ዘሩ ሌላ ነው፤ ነገር ግን ቁመቱና ለቤት ሥራ መፈለጉ የመዝሙሩን ሐሳብ ይሸከማል። ሦስተኛው ከሁሉ ይደንቃል፤ ወይራ ነው። የጎጃም እናቶች የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ወይራ ከኢየሩሳሌሙ ወይራ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የእኛው የዱር መሆኑ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 11 ከአሕዛብ ያመኑትን በመልካሙ ወይራ ላይ በተከተበ የዱር ወይራ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የደጋው አንባቢ በጓሮው ያለውን ዛፍ፣ በእርሱም ራሱን በመልእክቱ ውስጥ ያገኛል።

ሕዝቡም በበኩሉ ስም አውጪ ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣውን በቆሎ “የባሕር ማሽላ” አለው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣውን ዛፍ ደግሞ “ባሕር ዛፍ” አለው። ስሙ እስከ ዛሬ እንግድነቱን ይናገራል፤ ዛፉ ግን ባለቤት ሆኗል። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ተራራውንም የእርሻውንም ዳር የያዘው እርሱ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ለማገዶና ለቤት ይሆናል፣ ገበሬውም ሸጦ ልጁን ያስተምርበታል፤ ስለዚህ ልንነቅፈው አይገባም።

ነገር ግን ዝግባና ወይራ ከዓይን እየራቁ፣ በብዛት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ቀርተዋል። ተርጓሚዎቻችን ደክመው የሩቁን ዛፍ በቅርቡ ስም ጠሩልን፤ እኛ ደግሞ ቅርቡን እያራቅነው ነው። ዝግባን አይቶ የማያውቅ ወጣት መዝሙሩን ሲያነብ “ዝግባ” እንደ “ሂሶጵ” ባዶ ስም ይሆንበታል። ዛፉ ሲጠፋ የቃሉም ሥዕል አብሮ ይደበዝዛል።

በቀጣዩ የወጣቶች ጥናታችሁ ሮሜ 11ን ስታነቡ አንድ ነገር አድርጉ። ከአካባቢያችሁ አረጋዊ አባት ወይም እናት አንዱን ጋብዛችሁ ወይራውን አሳዩን በሉ። ቅጠሉን ዳስሱት፣ ሽታውንም እወቁት። ቢቻላችሁም በክረምቱ አንድ ችግኝ ትከሉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚያነበው ልጅ ጳውሎስ ስለ የትኛው ዛፍ እንደሚናገር በዓይኑ አይቶ ይረዳ ዘንድ።