መሬት ላራሹ

መሬት ላራሹ በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባካሄዱት ሰላማዊ ሰልፍ የተሰማና ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ዋና መለያ የሆነ መፈክር ነው። ትርጉሙ መሬቱ የሚያርሰው ገበሬ ይሁን ማለት ነው። መፈክሩ ከአሥር ዓመት በኋላ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በከፊል ተፈጻሚ ሆኗል። ሆኖም የመሬት ሥሪቱ ከቦታ ቦታ የተለያየ ስለነበር መፈክሩ በሁሉም ቦታ አንድ ትርጉም አልነበረውም። ደብረ ብርሃንን፣ አንኮበርንና መንዝን የሚያጠቃልለው ሰሜን ሸዋ ይህ ልዩነት ጎልቶ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የመሬት ሥሪቱ

ከአብዮቱ በፊት በኢትዮጵያ ብዙ ዓይነት የመሬት ይዞታ ነበር። በሰሜኑ ደጋማ ክፍል ዋናው ርስት ነው። ርስት ከአንድ አቅኚ አባት በአባትም በእናትም ወገን የሚወረስ የድርሻ መብት ሲሆን፣ ባለርስቱ ገበሬ ግብር እየከፈለ የራሱን ድርሻ ያርስ ነበር። ጉልት ደግሞ ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት ሲሆን ለመኳንንት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመንግሥት ባለሟሎች ይሰጥ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል።

በደቡብና በብዙ የሸዋ ወረዳዎች ሰፊ መሬት በጥቂት ባለቤቶች እጅ ነበር። መሬቱን የሚያርሰው ጢሰኛ ከምርቱ እርቦውን፣ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ባለመሬቱ ለመንግሥት ሊከፍል የሚገባው አሥራት በጢሰኛው ላይ የሚወድቅበት ጊዜም ብዙ ነው። ጢሰኛው ባለመሬቱ ደስ ባላለው ጊዜ ከመሬቱ ሊነቀል ስለሚችል፣ ጉድጓድ ለመቆፈርም ሆነ ዛፍ ለመትከል የሚያተጋው ምክንያት አልነበረውም። የባለመሬቱንና የጢሰኛውን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግ በ1950ዎቹ ለፓርላማ ቢቀርብም፣ ከፓርላማው አባላት ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬቶች ስለነበሩ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይጸድቅ ቆይቷል።

የንቅናቄው አጀማመር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋህዶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባል፣ ዋና ግቢው ንጉሠ ነገሥቱ በሰጡት የስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት በሞከሩ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ድጋፋቸውን በሰልፍ ገልጸዋል። በዚያ ዘመን በኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች ግጥሞቻቸውን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያነቡ ነበር። የታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የድሀውን ኑሮ በቤተ መንግሥት ሰዎች ፊት በማንሣቱ ስሙ ሲጠራ ቆይቷል።

በ1957 ዓ.ም. አካባቢ «አዞዎቹ» በመባል የታወቀ አነስተኛ የተማሪዎች ቡድን የንቅናቄውን አቅጣጫ ወደ መሬት ጥያቄ አዞረ። የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ፓርላማው ስለ ጢሰኞች በሚወያይበት ወቅት፣ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ተሰለፉ። ተማሪዎቹ የጠየቁት ለራሳቸው ምግብ፣ መኝታ ወይም የትምህርት ክፍያ አልነበረም፤ የጠየቁት በሰልፉ ላይ ላልነበረው ገበሬ ነው። ሰልፉ በንቅናቄው ታሪክ እንደ መነሻ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከከተማ ወደ ገጠር

በዚያው የትምህርት ዘመን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ሥርዓት ተጀመረ። በዚህ ሥርዓት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶች ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ የሚመደቡት በመምህርነት ነው። በአውራጃ ከተሞች ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስድስት ኪሎን ክርክር ከሰሙባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። በደብረ ብርሃን በሸዋው አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የመምህራን ማሠልጠኛ ነበሩ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅና ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች በመሆኗ፣ የዋና ከተማው ወሬ ሳይውል ሳያድር ይደርሳት ነበር።

ንቅናቄው በየዓመቱ አዲስ ጥያቄ ያነሣ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ተማሪዎች ለማኞች ተሰብስበው የታጎሩበትን የሾላ ካምፕ በመቃወም «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ተሰለፉ። በ1959 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰልፍን የሚገድበውን አዋጅ፣ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የተዘጋጀውን የፋሽን ትርዒት ተቃወሙ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በግልጽ አነሣ።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡበት በስድስት ኪሎ ግቢ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ተኩስ ከፍተው ሌሎች ተማሪዎችን ገደሉ። ከዚህ በኋላ ብዙዎቹ መሪዎች ጥያቄው በአቤቱታና በሰልፍ ብቻ እንደማይመለስ አምነው ወደ ኅቡዕ ድርጅት አዘነበሉ።

የወሎ ረሃብ

በ1965 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረሃብ እንደ ግምቶቹ ልዩነት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ሰዎችን ገድሏል። ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ ደብረ ሲናንና ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ለሰሜን ሸዋ ሰው ረሃቡ የሩቅ ወሬ አልነበረም። መንግሥት ጉዳዩን ለመደበቅ ሲሞክር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በስድስት ኪሎ ለእይታ አቀረቡ፤ ተማሪዎችም ከምግባቸው እየቀነሱ ለተጎጂዎች ዕርዳታ አሰባሰቡ። የተማሪዎቹ ክርክር ዝናብ ቢጠፋም ገበሬውን ለሞት የሚያደርሰው ጎተራውን ባዶ የሚያደርገው ሥርዓት ነው የሚል ነበር።

አብዮቱ፣ ዘመቻውና አዋጁ

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የመምህራን፣ የታክሲ ነጂዎችና የወታደሮች ተቃውሞ በአንድ ወቅት ፈነዳ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ብዙ ክርስቲያኖች ጭምር የተገኙበት፣ የሃይማኖት እኩልነትን የጠየቀ ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ በአዲስ አበባ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ።

ሥልጣኑን የያዘው ደርግ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ብዙ ተማሪዎች ደርግ ከከተማ ሊያርቀን ነው በማለት ዘመቻውን ተቃውመውት ነበር። ሥራቸው ማንበብና መጻፍ ማስተማር፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ጤና አጠባበቅ ማስተማርና ገበሬውን ማደራጀት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት በሙሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

- አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር አይበልጥም፤
- መሬትን መሸጥ፣ ማከራየትና በመያዣ ማስያዝ ተከልክሏል፤
- ጢሰኝነት ቀርቷል፤ ጢሰኛው ለባለመሬቱ የነበረበት ዕዳና ግዴታም ተሰርዟል፤
- ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን አካባቢ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል።

ሰሜን ሸዋ

በዚያ ጊዜ የዛሬው ሰሜን ሸዋ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በተጉለትና ቡልጋ፣ በመንዝና ግሼ፣ በይፋትና ጥሙጋ እንዲሁም በመርሐቤቴ አውራጃዎች ተከፋፍሎ ነበር። እንደ መንዝ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች የአብዛኛው ገበሬ ይዞታ ርስት ስለነበር፣ «መሬት ላራሹ» ለሚለው ጥሪ የብዙው ሰው መልስ አራሹማ እኔው ነኝ፣ መሬቱም የአባቴ ነው የሚል ነበር። ለደቡቡ ጢሰኛ ነፃነት የነበረው አዋጅ ለባለርስቱ የትውልድ መብቱን የሚነካ መስሎ ታየው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም ያመፀው መሬቴ ተለክቶ ከእጄ ይወጣል በሚል ተመሳሳይ ሥጋት ነው።

አዋጁ ለርስት አካባቢዎች የተለየ ክፍል ነበረው። በዚህም መሠረት ገበሬው በወቅቱ የሚያርሰውን መሬት እንደያዘ ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ማንም በትውልድ ሐረግ ቆጥሮ የሌላውን መሬት መጠየቅ አይችልም። ይህም ለትውልዶች ሲወራረድ የኖረውን የርስት ሙግት ለመዝጋት የታሰበ ነበር።

ይህ ማለት ግን በርስት አገር የፍትሕ ጥያቄ አልነበረም ማለት አይደለም። ርስት ሐረግ ላለው መብት እንደሆነ ሁሉ ሐረግ ለሌለው አጥር ነበር። በብዙ ደጋማ ወረዳዎች ሙስሊሞች፣ ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ርስት አይካፈሉም ነበር። ኑሯቸው በእጅ ሥራ፣ በንግድ ወይም በእኩል አራሽነት የተመሠረተ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የገበሬ ማኅበር አባል መሆንና መሬት የማግኘት መብት አዲስ ነገር ነበር።

ተቃውሞው በመንዝ በጦር መሣሪያም ተገልጿል። ከመኳንንት ቤተሰብ የሆኑት ወንድማማቾች መስፍን ብሩና መርዕድ ብሩ በ1967 ዓ.ም. ሸፍተው ከደርግ ጦር ጋር ተዋግተው ተገድለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ከንቅናቄው ቀደምት መሪዎች አንዱ የነበረው ብርሃነ መስቀል ረዳ ከኢሕአፓ አመራር ጋር ተለያይቶ በሰሜን ሸዋ ገጠር የትጥቅ ትግል ለመጀመር ሞክሯል። በደርግ ተይዞ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። በዚህ መንገድ ያው የሰሜን ሸዋ ተራራ ለአዋጁ ተቃዋሚዎችም መፈክሩን ላነገበው ትውልድም መሸሸጊያ ሆኗል።

ተመሳሳይ ንቅናቄዎች በውጭ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩት የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት በየዓመታዊ ጉባኤያቸው ስለ መሬት ይከራከሩ ነበር፤ ከኅቡዕ ድርጅቶቹ መኢሶንና ኢሕአፓም የተመሠረቱት በአውሮፓ ነው። በአሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች በዙሪያቸው የጥቁሮችንና የቺካኖዎችን፣ ማለትም የሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያንን፣ የመብት ትግል ያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965፣ «መሬት ላራሹ» በአዲስ አበባ በተሰማበት ዓመት፣ በካሊፎርኒያ ዴላኖ የወይን ለቃሚዎች የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ፤ ሴሳር ቻቬዝና ዶሎሬስ ሁዌርታ ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሺዎች የሚቆጠሩ የቺካኖ ተማሪዎች የተሻለ ትምህርት በመጠየቅ ክፍላቸውን ጥለው ወጡ። በኒው ሜክሲኮም ሬየስ ሎፔዝ ቲሄሪና የሚመራው ንቅናቄ የተነጠቀ የአባቶች መሬት እንዲመለስ ይጠይቅ ነበር። ይህ ጥያቄ ከጢሰኛው ይልቅ ለባለርስቱ አቤቱታ ይቀርባል።

ውጤትና ቅርስ

ንቅናቄው ያነሣው የመሬት ጥያቄ ሲመለስ ጥያቄውን ያነሣው ትውልድ ግን ተበላ። ዘማቾች በአንዳንድ ቦታ ከባለመሬቶችና ከፖሊስ ጋር ተጋጭተው ሞቱ፤ ብዙዎችም ዘመቻውን ጥለው ሄዱ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ በነበረው የኢሕአፓ፣ የመኢሶንና የደርግ ግጭትና በቀይ ሽብር በርካታ ሺህ ወጣቶች ተገደሉ፣ ታሠሩ፣ ተሰደዱ። የገበሬ ማኅበራቱም ቀስ በቀስ ከገበሬው መብት ማስከበሪያነት ወደ መንግሥት ትእዛዝ ማስፈጸሚያነት ተለወጡ፤ የእህል ኮታና የግዳጅ ምልመላ በእነርሱ በኩል ይፈጸም ነበር።

መሬትን የማይሸጥ የሕዝብ ሀብት ያደረገው መርህ ግን ከደርግ በኋላም ቀጥሏል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አጽንቶታል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው የመሬት ሽግሽግ ሰሜን ሸዋንም ነክቶ ብዙ አከራክሯል። ኋላም ለገበሬዎች የባልና የሚስት ስም የተጻፈበት የይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ዛሬ የቤተሰብ ይዞታ በጠበበበት ደጋ ወላጆቻቸው ባለይዞታ ሆነው እነርሱ ግን የራሳቸው ማሳ የሌላቸው ወጣቶች በርካታ ናቸው። መሬቱ ለአራሹ ከሆነ፣ ማረስ እየፈለገ መሬት ያላገኘው ወጣት ዕጣ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ አሁንም እልባት አላገኘም።