የካዕባ ጓጉንቸርና የአማናው ቁልፍ

በሙስሊሙ ዓለም የእጅ ጥበብ ከዕለት ኑሮ ተለይቶ አያውቅም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኢስፋሃን ብረት ሠራተኞች ጠንካራውን ብረት እንደ ዳንቴል እየፈለፈሉ የቁርኣን አያዎችን ያወጡበት ነበር። የኢስታንቡል አንጥረኞችም በወርቅና በብር ሥራቸው የታወቁ ነበሩ። ከሁሉ የላቀው ክብር ግን ለአላህ ቤት፣ ለካዕባ፣ አንዳች ነገር መሥራት ነበር። ስመ ጥሩው ተጓዥ ኤቭሊያ ቸለቢ፣ የቤተ መንግሥቱ አንጥረኞች አለቃ የነበሩት አባቱ በሱልጣን አሕመድ ቀዳማዊ ዘመን (1603–1617) የካዕባን የወርቅ አሸንዳ መሥራታቸውን በኩራት ጽፏል።

በ1039 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1630) ከባድ ጎርፍ የካዕባን ግድግዳዎች አፈረሰ። ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ቤቱን እንደገና አሳነጹ፤ አዲስ በርም አሠሩለት። ያ በር እስከ 1940ዎቹ ድረስ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል አገልግሏል።

በር ካለ ጓጉንቸር አለ። የጥንቱ ጓጉንቸር ሞላ የተገጠመለት መቀርቀሪያ ነበረው። መቀርቀሪያው ወደ ውስጥ ሲገፋ ሞላዎቹ ተከፍተው ይይዙታል፤ ቁልፉ ሲገባ ደግሞ ሞላዎቹን ጨምቆ ያስለቅቀዋል። ቁልፉ ይገፋል እንጂ አይዞርም። ለካዕባ በሚሠሩት ላይ አንጥረኛው የቁርኣን አያ፣ የሱልጣኑን ስምና ዓመተ ሒጅራውን ይቀርጽ ነበር። ብረቱን በመሮ እየጫረ የወርቅ ወይም የብር ክር ይቀጠቅጥበታል፤ አለዚያም ብሩን በወርቅ ይለብጠዋል። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ዛሬ በኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛሉ።

ውድ አንባብያን! እዚህ ላይ አንድ የሚያስተነትን ነገር አለ። ስማቸው በጓጉንቸሩ ላይ የተቀረጸው ሱልጣኖች ሰፊ ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። በካዕባ በር ቁልፍ ላይ ግን ሥልጣን አልነበራቸውም። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 630) መካ ስትከፈት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቁልፉን ከዑስማን ኢብን ጠልሐ (ረ.ዐ) ተቀብለው ካዕባን ከፈቱ። ድል አድራጊ ነበሩና ለፈለጉት ሊሰጡት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ለዚያው ለባለ አደራው መለሱለት። ብዙ ሙፈሲሮች አማናን ለባለቤቱ ስለ መመለስ የሚያዘውን የሱረቱ ኒሳእ 58ኛ አያ ከዚህ ክስተት ጋር ያያይዙታል። ነገሥታት ቢፈራረቁም፣ ጓጉንቸሩ ደጋግሞ ቢለወጥም፣ የቁልፉ ጥበቃ እስከ ዛሬ በበኑ ሸይባ ቤተሰብ እጅ ነው።

እንግዲህ የወርቁ ማማር የሠሪውን ጥበብ ያሳያል፤ ቁልፉን ለአሥራ አራት ክፍለ ዘመናት በአንድ ቤተሰብ እጅ ያቆየው ግን አማና ነው። በየቤታችን የጎረቤት ቁልፍ፣ የየቲም ገንዘብ፣ የወዳጅ ምስጢር ይቀመጣል። እነዚህን የሚቆልፍ ጓጉንቸር ልባችን ውስጥ ነው፤ ልጆቻችንም አማና መጠበቅን የሚማሩት እኛ ስንጠብቅ አይተው ነው።